በታችኛው ወገብ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወቅት ነርቭ ሳይታሰብ እንዳይጎዳ፦ ለሬዚደንቶችና ለቀዶ ሕክምና ክፍል ቡድን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ለወገብ ዲስክ መንሸራተት ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ከወገቡ እስከ እግሩ የሚወርደው ሕመም እንዲለቀው ነው። ከሰመመን ሲነቃ ሕመሙ ለቅቆት የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሳት ካቃተው፣ ወይም ሽንቱ መምጣቱ ካልታወቀው፣ ቀዶ ሕክምናው ከበሽታው የከፋ ጉዳት አድርሶበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት በሠለጠነ እጅም ሊደርስ ይችላል። ሆኖም አደጋው የሚያንዣብብባቸው ጊዜያት አስቀድመው የሚታወቁ ስለሆኑ፣ ለእነዚህ ጊዜያት የተዘጋጀ ቡድን ጉዳቱን በእጅጉ ሊቀንሰው ይችላል።

ይህ መመሪያ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንቶች፣ ማለትም በኤል 4 እና በኤል 5 መካከል ባለው ዲስክ ላይ ከጀርባ በኩል የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ዋና ምሳሌው ያደርጋል። ይህ የተመረጠው ከወገብ ዲስክ መንሸራተት ውስጥ አብዛኛው የሚከሰተው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ላይ በመሆኑ ነው። ጽሑፉ በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን፣ ስክራብ (መሣሪያ አቀባይ) ነርሶችንና የሰመመን ባለሙያዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ በሲኒየር ሐኪም አጠገብ ቆሞ የሚገኘውን ሥልጠና ሊተካ አይችልም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚከተለው ደንብ አንድ ነው፤ ነርቩ የት እንዳለ በዓይን ሳይታይ ወይም በእርግጠኝነት ሳይታወቅ የተሳለ፣ የሚነክስ ወይም የሚያቃጥል መሣሪያ ወደ ውስጥ አይገባም።

የሚጎዳው የትኛው ነርቭ ነው?

በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው በኤል 1 እና በኤል 2 አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ዱራ በሚባለው ሽፋን ከረጢት ውስጥ የሚገኙት እንደ ፈረስ ጭራ ተዘርግተው የሚወርዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው። እነዚህ ሥሮች መጠነኛ መነካትን ከህብለ ሰረሰር በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ይህ ግን ለረጅም ጊዜ መሳብን ወይም መጨፍለቅን ይችላሉ ማለት አይደለም። በተለይ በዲስኩ ለወራት ሲጫን የቆየ ሥር ደሙ የቀነሰና ያበጠ በመሆኑ፣ ጤናማ ሥር የሚችለውን ትንሽ ጉተታ እንኳ ላይችል ይችላል።

በኤል 4 እና በኤል 5 መካከል ሁለት ሥሮችን ለይቶ ማወቅ ግዴታ ነው። የኤል 4 ሥር ከኤል 4 ፔዲክል (የአከርካሪውን አካል ከጀርባው ክፍል ጋር የሚያገናኘው አጭር አጥንት) በታች ዞሮ ወደ ውጭ ይወጣል። የኤል 5 ሥር ደግሞ በዲስኩ ጀርባ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። በተለመደው ወደ ኋላና ወደ ጎን በሚወጣ ዲስክ የሚጫነው ወራጁ የኤል 5 ሥር ነው። ዲስኩ ከፎራመን (ሥሩ ከሚወጣበት ቀዳዳ) ውጭ ርቆ ከወጣ ግን የሚጫነው ወጪው የኤል 4 ሥር ይሆናል። ይህን ሳይለይ የሚጀምር ሐኪም በተሳሳተ መንገድ ገብቶ ጤነኛውን ሥር ሊጎትት ይችላል።

ደረጃ 1፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነርቩን ሁኔታ በቁጥር መመዝገብ

በፊት ያልተመዘገበ ጉድለት በኋላ ከታየ አዲስ ይሁን አሮጌ ማንም ሊለየው አይችልም። ስለዚህ የጡንቻን ኃይል ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ በሁለቱም እግር ይመዝግቡ፤ «እግሩ ደከም ብሏል» የሚል ጽሑፍ አይበቃም። ጉልበትን መዘርጋት በዋነኛነት ኤል 3 እና ኤል 4ን፣ የእግር አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት ኤል 5ን፣ በአንድ እግር ጣቶች ጫፍ ላይ ደጋግሞ መነሳት ኤስ 1ን፣ ማለትም ከወገብ በታች ካለው ከሳክረም አጥንት የሚወጣውን የመጀመሪያ ሥር፣ ይፈትሻል። የጉልበት ሪፍሌክስ መጥፋት ወደ ኤል 4፣ የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ መጥፋት ደግሞ ወደ ኤስ 1 ያመለክታል።

ሽንት፣ ሰገራና የወሲብ ስሜት ላይ ያለ ለውጥ በቀጥታ መጠየቅ አለበት። በእኛ አገር ብዙ ታካሚዎች፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች፣ ይህን ጉዳይ ራሳቸው አያነሱትም፤ ቤተሰብ አጠገባቸው ካለ ደግሞ ቢጠየቁም «ደህና ነኝ» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ታካሚውን ለብቻ፣ በሚገባው ቋንቋ ይጠይቁ። በመቀመጫና በብልት አካባቢ ያለውን ስሜትም ይመርምሩ። ጥርጣሬ ካለ ከሽንት በኋላ በፊኛ ውስጥ የቀረውን መጠን በአልትራሳውንድ ይለኩ፤ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ መሆኑ የኮዳ ኢኳይና (እንደ ፈረስ ጭራ የሚወርዱት ሥሮች) መጫን እንዲጠረጠር ያደርጋል። ከዚህ ቀደም በወጌሻ ታሽቶ የመጣ ታካሚም ድካሙ መቼ እንደ ጀመረና ከዚያ ወዲህ እንደ ባሰ ወይም እንዳልባሰ በዝርዝር ሊጠየቅ ይገባል።

የአስፕሪንና የሌሎች ደም አቅጣኝ መድኃኒቶች ጉዳይም በዚሁ ጊዜ ይወሰናል። ደም የሞላበት ጠባብ ቦታ ነርቭን ከእይታ ይሰውራልና።

ደረጃ 2፦ አጥንቱን በትክክል መቁጠር

በተሳሳተ ደረጃ ላይ መግባት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ቀላል ስሕተት ነው። በአንዳንድ ሰዎች አምስተኛው የወገብ አጥንት ከሳክረም ጋር ተጣብቆ ይወለዳል፤ በሌሎች ደግሞ የሳክረም የመጀመሪያው አጥንት ተለይቶ ስድስተኛ የወገብ አጥንት ይመስላል። እንዲህ ባለ ታካሚ ላይ ኤምአርአይ ያነበበው ራዲዮሎጂስት ከላይ፣ ቀዶ ሐኪሙ ከታች ቢቆጥሩ ሁለቱም «ኤል 4 እና 5» እያሉ ስለተለያዩ ዲስኮች ሊናገሩ ይችላሉ።

መፍትሔው ከኤምአርአይ በተጨማሪ ከፊትና ከጎን የተነሳ ተራ ኤክስሬይ ማየትና ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ መቁጠር ነው። ያልተለመደ አጥንት ካለ «ከታች ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ዲስክ» በሚል ዓይነት አሻሚ ባልሆነ አገላለጽ በካርዱ ላይ ይጻፍ። በኤምአርአይ ላይ ሁለት ሥሮች በአንድ የዱራ እጀታ ተጣብቀው የሚወጡበት ሁኔታ መኖሩንም በዚሁ ወቅት ይፈልጉ። እንዲህ ያለ ጥንድ ሥር ከተለመደው ይወፍራል፣ እንደ ልብም አይንቀሳቀስም፤ ሳይታወቅ ከተጎተተ በቀላሉ ይቀደዳል።

ደረጃ 3፦ የታካሚው አተኛኘት

በወገብ ቀዶ ሕክምና ማግስት የሚታይ ድካም ሁሉ ከወገብ የመጣ አይደለም። በደረቱ የተኛ ታካሚ ክንዱ ከ90 ዲግሪ በላይ ከተዘረጋ የብብቱ የነርቭ መረብ ይሳባል። ክርኑ ያለ ስፖንጅ ጠርዝ ላይ ካረፈ የአልናር ነርቭ ይጫናል፤ ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል ያለው የፊቡላ አንገት ከተጫነ ደግሞ የፔሮኒያል ነርቭ ተጎድቶ የእግር መዳፍ መውደቅን ያስከትላል። ይህ የመጨረሻው የኤል 5 ሥር ጉዳትን ስለሚመስል ቡድኑን ያሳስታል። በዳሌ አጥንት ፊት ላይ ያለው ግፊትም የጭንን ውጫዊ ክፍል ያደነዝዛል። ዓይኖች ፈጽሞ መጫን የለባቸውም፤ የሰመመን ባለሙያው ይህን በየጊዜው ይፈትሽ።

ሆድ ነጻ ሆኖ መንጠልጠል አለበት። ኦስካር ባትሰን በ1940 እንዳሳየው በአከርካሪ ዙሪያ ያሉት ደም መላሾች ቫልቭ የላቸውም፤ ስለዚህ ሆድ ሲጫን ደሙ ወደ አከርካሪው መተላለፊያ ይመለስና ሥሮቹን የከበቡት ደም መላሾች ይወጠራሉ። ልዩ የቀዶ ጠረጴዛ በሌለበትም በደረትና በዳሌ ስር በትክክል የተቀመጡ ጥቅልሎች ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። የሥራው ግማሽ የሚያልቀው እዚህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ያልደማ መስክ ላይ ነርቭ ይታያልና።

ደረጃ 4፦ ሰመመንና የነርቭ ክትትል

የነርቭ ክትትል መሣሪያ ካለ አስቀድሞ ከሰመመን ባለሙያው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የጡንቻ ምላሽን የሚያነብ ክትትል ጡንቻ አዝናኝ መድኃኒት እየሠራ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ በጋዝ የሚሰጥ ሰመመንም የሞተር (የእንቅስቃሴ) ምልክቱን ያዳክማል። በዚህም ምክንያት በደም ሥር የሚሰጥ ፕሮፖፎልና የኦፒዮይድ መድኃኒት ይመረጣል። ከእግር ወደ አንጎል ሲሄድ የሚነበበው የስሜት ምልክት ቁመት በ50 በመቶ ሲቀንስ ወይም መዘግየቱ በ10 በመቶ ሲጨምር ማስጠንቀቂያ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ይህ ምልክት የብዙ ሥሮች ድምር በመሆኑ የአንድ ሥር ጉዳት ሊያመልጠው እንደሚችል አይዘንጉ።

ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እጅን ያቁሙ፣ ሪትራክተሩን (ሥሩን ገለል አድርጎ የሚይዘውን መሣሪያ) ያላሉ፣ የደም ግፊቱንና የሰውነት ሙቀቱን ያረጋግጡ፣ መጨረሻ የተሠራውን ሥራ መልሰው ይመርምሩ። ክትትሉ በማይገኝባቸው ሆስፒታሎችም ቢሆን ለተራ የዲስክ ቀዶ ሕክምና ዋናው መከላከያ ጥሩ ብርሃን፣ ማጉያ መነጽር ወይም ማይክሮስኮፕ፣ እና የተረጋጋ እጅ ነው። ጡንቻ አዝናኙ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ሥራ ደግሞ አንድ ጥቅም አለው፤ ሥሩ ሲነካ የሚታየው የእግር ንዝረት ለሐኪሙ ነጻ ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል።

ደረጃ 5፦ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ቆም ማለት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ከሰመመን በፊት፣ ከመቁረጥ በፊትና ታካሚው ክፍሉን ከመልቀቁ በፊት የሚደረጉ ሦስት ፍተሻዎች አሉት። ለአከርካሪ የሚጨመረው ነገር ቢኖር ጎኑ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑና ደረጃው በድምፅ መነገሩ፣ ኤምአርአዩም በትክክለኛው አቅጣጫ ተሰቅሎ መታየቱ ነው። ስክራብ ነርሷ የተለየ ነገር ከሰማች ማስቆም እንደምትችል ሲኒየሩ በቃሉ ይናገር፤ እንዲህ ካልተባለ ጀማሪ ባለሙያ አይናገርም።

ከዚያ ደረጃው በሲ-አርም (በቀዶ ክፍል ውስጥ በሚንቀሳቀስ የኤክስሬይ መሣሪያ) ሁለት ጊዜ ይረጋገጣል። መጀመሪያ ቆዳ ሳይቆረጥ በመርፌ፣ ቀጥሎ አጥንቱ ከተገለጠ በኋላ በላሚናው (በአከርካሪው የጀርባ አጥንት) ጠርዝ ስር በተቀመጠ መሣሪያ። ሁለተኛው ፎቶ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ በድካም ወይም በጥድፊያ ነው፤ ሊዘለል የማይገባው ግን እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ጡንቻው ሲገለጥ መስኩ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላል።

ደረጃ 6፦ መተላለፊያውን መክፈት

ይህና ቀጣዩ ደረጃ የመመሪያው ልብ ናቸው። ሊጋመንተም ፍላቩም የሚባለው ቢጫ ጅማት ዱራን ከድሪል የሚከላከል ተፈጥሯዊ ጋሻ ነው። ስለዚህ የሚወገደው አጥንት በተቻለ መጠን ጅማቱ በቦታው ሳለ ይወገድ፤ ጅማቱ የሚከፈተው የአጥንቱ ሥራ ካለቀ በኋላ ነው። ድሪሉ ወደ ውስጠኛው የአጥንት ሽፋን ሲቃረብ ወደ ዳይመንድ ጫፍ ይቀየር፣ በሁለት እጅ ይያዝ፣ ውኃም ያለማቋረጥ ይፍሰስበት፤ የድሪል ሙቀት አጥንቱን አልፎ ሥሩን ሊያቃጥል ይችላልና። ድሪል እየዞረ ወደ ቁስሉ አይገባም፣ እየዞረም አይወጣም።

ጅማቱ ሲከፈት ከመሃል አካባቢ፣ ከዱራ ለይቶ በሚያነሳ ደብዛዛ መለያ ይጀመር። ከሪሰን (አጥንትና ጅማት የሚነክሰው መሣሪያ) ከመንከሱ በፊት በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ነገር ይደረግ፤ መጀመሪያ በደብዛዛ መሣሪያ ከጅማቱ በታች በመዳሰስ ዱራው የተጣበቀ መሆን አለመሆኑ ይታወቅ፣ ቀጥሎ የከሪሰኑ እግር ከጅማቱ ጋር ተጣብቆ እንጂ ወደ ዱራው ተጭኖ አለመግባቱ ይረጋገጥ። የተነከሰው ቁራጭ በቀላሉ ካልመጣ አይጎተት፤ ከሪሰኑ ይከፈትና ያያዘው ነገር ይታይ። በዕድሜ የገፋ፣ መተላለፊያው በጣም የጠበበ ታካሚ ላይ ትልቅ የከሪሰን እግር ራሱ ተጨማሪ መጫኛ ስለሚሆን፣ ቀጭኑ ይመረጥ ወይም አጥንቱ በድሪል ይቅጠን።

ከዚህ በፊት ቀዶ በተደረገበት ቦታ ላይ ጠባሳው ከዱራ ጋር ተዋሕዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በጠባሳው መካከል መግባት ትልቅ ስሕተት ነው። ካልተነካው አጥንት ጠርዝ ተነስተው፣ ጤናማውን ዱራ አግኝተው፣ ከዚያ ወደ ጠባሳው ይሂዱ።

ደረጃ 7፦ ሥሩን ማግኘትና ማንሳት

የኤል 5ን ሥር ለማግኘት አስተማማኙ ምልክት የኤል 5 ፔዲክል ነው። በደብዛዛ መሣሪያ የፔዲክሉን ውስጠኛ ግድግዳ ይዳስሱ፤ ሥሩ ከዚያ ጋር ተያይዞ ይወርዳል። የሥሩ ውጫዊ ጠርዝ በግልጽ ሳይታይ ዲስኩን መፈለግ አይጀመር። ጠርዙ ካልታየ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የተከፈተው አጥንት ማነሱ ስለሆነ፣ ሥሩን በኃይል ከመሳብ ይልቅ ከፋሴቱ (ከአጥንቶቹ መገጣጠሚያ) ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ጨምሮ ማንሳት ይሻላል።

ሥሩ በዲስኩ የት በኩል እንደ ተገፋ ማወቅም ወሳኝ ነው። የተንሸራተተው ቁራጭ በሥሩ ትከሻ፣ ማለትም በውጭ በኩል ከሆነ፣ ሥሩን ወደ መሃል ማንሳት ተፈጥሯዊ መንገድ ነው። ቁራጩ በሥሩና በዱራው መካከል፣ በብብቱ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ሥሩ ቀድሞውኑ ወደ ውጭ ተገፍቷል፤ በዚህ ሁኔታ ወደ መሃል መጎተት ሥሩን በጠንካራው ቁራጭ ላይ መወጠር ነው። መጀመሪያ ቁራጩ ከብብቱ በእርጋታ ይውጣ፣ ውጥረቱ ይቀንስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሥሩ ይነሳ።

ሪትራክተሩን የያዘው ረዳት ብዙ ጊዜ ጀማሪው ሬዚደንት ነው፤ ቦታውንም በደንብ አያይም። ስለዚህ ሪትራክተሩን ሐኪሙ ራሱ አስቀምጦ ለረዳቱ ይስጠው፣ ረዳቱም ከተሰጠው በላይ አይጎትት። ዱራው ከመሃል መስመር አልፎ አይሳብ። በየጥቂት ደቂቃው ደግሞ ሪትራክተሩ ላልቶ ሥሩ ደም እንዲያገኝ ይደረግ። ሐኪሙ ዓይኑን ከመስኩ ባነሳ ቁጥር፣ ለፎቶም ይሁን ለመሣሪያ መቀየሪያ፣ ሪትራክተሩ ይላላ። ይህ ልማድ እንዲሆን ስክራብ ነርሷ ሰዓቱን ብታስታውስ ትልቅ ውለታ ነው።

ደረጃ 8፦ ዲስኩን ማውጣትና ደም ማቆም

ቢላው ወደ ዲስኩ የሚገባው ሥሩ ከነሙሉ ጠርዙ ታይቶ በሪትራክተር ከተጠበቀ በኋላ ነው፤ ስለቱም ከሥሩ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ሥሩ አይዞር። የዲስኩን ቁራጭ የሚያወጣው መቆንጠጫ ተዘግቶ ይግባ፣ በዲስኩ ክፍተት ውስጥ ይከፈት፣ ተዘግቶ ይውጣ። ከ3 ሴንቲ ሜትር ያህል በላይ በጥልቀት መግባት የፊተኛውን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ትላልቅ የደም ሥሮች ናቸው።

ሥሩን የከበቡት ደም መላሾች ሲደሙ የሚደረገው ያልታየ ቦታ ላይ በባይፖላር (በሁለት ጫፎቹ መካከል ብቻ በሚያቃጥል የኤሌክትሪክ መሣሪያ) መንከስ አይደለም። መጀመሪያ ኮተኖይድ (ትንሽ የጥጥ ንጣፍ) እና ደም ማቆሚያ ስፖንጅ ተደርጎ ጥቂት ይጠበቅ። ባይፖላር ካስፈለገ በዝቅተኛ ኃይል፣ ውኃ እየፈሰሰ፣ ሁለቱም ጫፎች እየታዩ ይሁን። ሞኖፖላር (ባለ አንድ ጫፍ ማቃጠያ) መተላለፊያው ከተከፈተ በኋላ ውስጥ አይገባም። ሰክሽን (ደምና ፈሳሽ መምጠጫው) በሥሩ ላይ በቀጥታ አያርፍም፤ በኮተኖይድ ላይ እንጂ። ሥር ላይ የቀረ የሚያብጥ ደም ማቆሚያ፣ በተለይ ኦክሲዳይዝድ ሴሉሎስ፣ ራሱ ሥሩን ሊጫን ስለሚችል ደሙ ከቆመ በኋላ ይውጣ።

ደረጃ 9፦ ብሎን የሚያስፈልግ ከሆነ

አጥንቶቹን ለማያያዝ ብሎን የሚገባው በፔዲክሉ በኩል ነው፤ ሥሩ ከፔዲክሉ ውስጠኛና ታችኛ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚያልፍ አደገኞቹ አቅጣጫዎች ወደ መሃልና ወደ ታች ናቸው። የብሎኑ ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ጫፉ ክብ በሆነ መዳሰሻ አራቱም ግድግዳዎችና ወለሉ ይፈተሹ፤ አንዱ ጎን ለስላሳ ከሆነ ብሎኑ አይግባ፣ አቅጣጫው ይቀየር። ከዚያ በሲ-አርም ከፊትና ከጎን ይታይ። በብሎን በኩል የኤሌክትሪክ ምርመራ የሚያደርጉ ማዕከላት በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ሚሊአምፒር በታች የሚገኝን የጡንቻ ምላሽ ግድግዳ የመቀደድ ጥርጣሬ አድርገው ይወስዱታል። የተጠረጠረ ብሎን በዚያው ሰዓት ይውጣ።

ደረጃ 10፦ ዱራ ከተቀደደ

ንጹሕ ፈሳሽ ብቅ ሲል የመጀመሪያው ሥራ ሰክሽኑን ማራቅ ነው። ወደ ውጭ የተንሳፈፉ ሥሮች በሰክሽን ሊሳቡ የሚችሉት በዚህች ቅጽበት ነው። ኮተኖይድ ይቀመጥ፣ የጀመሩት የአጥንት ሥራ ቀዳዳው ሙሉ እስኪታይ በጥንቃቄ ይስፋ፣ ሥሮቹ ወደ ውስጥ ይመለሱ፣ ከዚያ በቀጭን ክር ይሰፋ። ክሩ ሥር አብሮ እንዳይይዝ በማጉያ ይታይ። መስፋት በማይቻልበት ቦታ ከታካሚው የተወሰደ ስብ ወይም ጡንቻና ካለ ፋይብሪን ማጣበቂያ ይደረግ። መፍሰሱ መቆሙን ለማረጋገጥ የሰመመን ባለሙያው ለጥቂት ሰከንድ የሳንባውን ግፊት ከፍ እንዲያደርግ ይጠየቅ።

ደረጃ 11፦ ከመዝጋት እስከ ማግስቱ

ከመዝጋት በፊት ሥሩ ነጻ መሆኑ በደብዛዛ መንጠቆ እስከ ፎራመኑ ይፈተሽ፣ የኮተኖይድ ቆጠራም ይፈጸም። ታካሚው ትእዛዝ መፈጸም እንደ ጀመረ፣ ከተቻለ ከቀዶ ክፍሉ ሳይወጣ፣ ሁለቱንም የእግር አውራ ጣቶች ወደ ላይ እንዲያነሳና ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ታች እንዲገፋ ይጠየቅ። ውጤቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተጻፈው ቁጥር አጠገብ ይጻፍ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የዎርድ ነርሷ ይህንኑ ፍተሻ በተወሰነ ሰዓት ትደግመው።

መጀመሪያ ደህና ሆኖ ቆይቶ በሰዓታት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ አዲስ ድካም፣ የመቀመጫ መደንዘዝ ወይም ሽንት አለመምጣት የደም ክምችት ሥሮቹን እየተጫነ መሆኑን ያሳያል። ይህን ማስታገሻ በመጨመር ማሳለፍ አይገባም። ሲኒየሩ ሌሊትም ቢሆን ይጠራ፣ ኤምአርአይ ወዲያው የሚገኝ ከሆነ ይነሳ፤ የማይገኝ ከሆነና ጉድለቱ በፍጥነት እየጨመረ ከሆነ ቁስሉን እንደገና መክፈት ለሰዓታት ከመጠበቅ ይሻላል። ከእንቅልፍ ሲነቃ ጀምሮ የነበረ አዲስ ድካም ከሆነ ደግሞ የብሎን አቀማመጥ በሲቲ፣ የቀረ ቁራጭ ወይም ደም በኤምአርአይ ይታይ፤ የፔሮኒያል ነርቭ በአተኛኘት መጫኑም ከግምት ይግባ።

ለታካሚውና ለቤተሰቡ የሆነውን ነገር በዚያው ቀን ቀዶ ሐኪሙ ራሱ በግልጽ ይንገራቸው። የእግር መዳፍ ከወደቀ ቁርጭምጭሚቱ በዚያው አቅጣጫ እንዳይደርቅ ደጋፊ ጫማና ፊዚዮቴራፒ ከሆስፒታል ሳይወጣ ይጀመሩለት፤ በእያንዳንዱ ቀጠሮም የጡንቻው ኃይል በመጀመሪያው ቀን በተጠቀሙበት መለኪያ፣ ከተቻለ በአንድ ሐኪም እጅ፣ እየተለካ ይመዝገብ።